ከመንግሥት የሕግ ሥራ ወደ ግል የሳይበር ሕግ ሥራ ስለሚሻገሩ ሰዎች

የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለማምዶ ያሳደገውን የሕግ ዐዋቂ አንድ ባንክ ወይም አንድ የስልክ ኩባንያ በበለጠ ደመወዝ የወሰደው እንደ ሆነ፥ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ንግግር ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ ወገን «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» እያለ ያማዋል። ሁለተኛው ወገን የሄደውን በአፉ እየመረቀ፥ የራሱ ተራ መቼ እንደሚደርስ በልቡ ይቈጥራል። ሐሜቱም ምርቃቱም ነገሩን አይመረምሩትም። ነገር ግን ይህ መሻገር ከሌላው የሥራ ለውጥ ተለይቶ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ መስክ ስላለ፥ በረጋ አእምሮ ልንነጋገርበት የሚገባ መስሎ ታይቶናል። ይኸውም በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት መረብ ላይ የሚደርሰውን ጥቃት በሕግ መንገድ ለመከላከል፥ ጥቃቱም በደረሰ ጊዜ ተገቢውን ለማድረግ የሚሠራው፥ በተለምዶ የሳይበር ሕግ የሚባለው ሥራ ነው።

ይህ ሥራ በአገራችን የቈየ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የተናገረው ከቍጥር 706 እስከ ቍጥር 711 በሚገኙት ጥቂት አንቀጾች ብቻ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ በፍጥነት ሰፋ። በ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958፥ በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዐዋጅ ቍጥር 1072፥ በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቍጥር 1205፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 ታወጁ። ገበያውም በዚያው መጠን ተለወጠ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ፈቃድ የተቀበለው ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራውን ከፈተ፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ ዐዋጅም ለውጭ አገር ባንኮች በሩን ከፈተላቸው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና ዐዋጅ ቍጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ስለ ፈቀደ፥ ቀድሞ ለብቻው በአንዲት ጠባብ ቢሮ ይቀመጥ የነበረው ጠበቃ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ ትልቅ ኩባንያ ለማማከር የሚችልበት መንገድ ተገኘለት።

እንግዲህ ሕጉም ገበያውም አዲስ በሆነበት ጊዜ፥ ሕጉን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ማን ነው? ረቂቁን በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ያገላበጠው፥ ክሱን በችሎት ያቀረበው፥ መመሪያውን የጻፈው የመንግሥት ሰው ነው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ወደርሱ መላካቸው፥ እርሱም ጥሪውን መስማቱ ምንም የሚያስገርም አይደለም። ልጆቹን የሚያስተምርበትና የቤት ኪራዩን የሚከፍልበት ገንዘብ የሚያስፈልገው መሆኑን ለመካድ የሚደፍር ማን ነው?

ሥራውን በሩቅ ለሚሰሙት ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሳይበር ጠበቃ ሲባል ጠላፊውን በፍርድ ቤት የሚከስ ይመስለዋል። ይህ ግን የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። የግሉ የሕግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ለተሰረቀው ወገን ነው፤ የተሰረቀውም ወገን ራሱ የሌላ ሰው ንብረት ጠባቂ ነው። አንድ ባንክ በመዝገቡ የሚይዘው የደንበኛውን ስም፥ የስልክ ቍጥር፥ የሒሳብ ልክና የገንዘብ ዝውውር ነው። ይህ መዝገብ በሌሊት በጠላፊ እጅ የገባ እንደ ሆነ፥ ባንኩ በጠላፊው ፊት ተበዳይ ሲሆን፥ በደንበኛው ፊት ደግሞ ተጠያቂ ነው። የሕግ አማካሪውም ሥራ ከዚህ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ይጀምራል፤ ከጥቃቱ በፊት የኮምፒዩተር ዕቃና ፕሮግራም ከሚያቀርቡ ነጋዴዎች ጋራ የሚደረገውን ውል መርምሮ፥ መረጃው በማን እጅ እንደሚቀመጥና ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ያስወስናል፤ ጥቃት በደረሰ ጊዜ ማን ለማን እንደሚደውል፥ የትኛው ማሽን እንደሚዘጋ፥ የትኛውም ለማስረጃ ሳይነካ እንደሚቈይ አስቀድሞ ያሰናዳል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሰዓቱ መቈጠር ይጀምራል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጁ የመረጃ ጥሰት መድረሱን ያወቀ ድርጅት በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዝዛል። የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጁም በበኩሉ አገልግሎት ሰጪዎች ወንጀል መፈጸሙን ባወቁ ጊዜ ሳይዘገዩ እንዲያስታውቁ፥ የመልእክት ልውውጡንም ምልክት ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ሰባ ሁለት ሰዓት ሦስት ቀን ማለት ነው። ጠላፊ በጥምቀት ዋዜማ ቢገባ፥ ታቦቱ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ሰዓቱ ቆሞ አይጠብቅም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ወረቀት ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ በየክፍሉ እየተመራ አስተያየት ሲጻፍበት ሳምንት ቢወስድ ማንም ጕድ አይልም። ከዚያ ወጥቶ በግሉ ሥራ የገባው ሰው መጀመሪያ የሚደነቃቀፈው በዚህ ነው። ዐዋጁን በቃሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከእንቅልፉ ተነሥቶ፥ ገና ግማሹ ነገር ሳይታወቅ፥ ለአለቃው «ይህን አድርግ፤ ይህን አታድርግ» ብሎ በአንድ ቃል መምከር አልለመደም። የመሐንዲሶቹም ቋንቋ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ይሆንበታል። «ሎግ» የሚሉት መዝገብ ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር ያልገባው የሕግ ሰው፥ መሐንዲሱ የነገረውን ሁሉ አምኖ ይፈርማል፤ በኋላም በፊርማው ይጠየቃል። እንግዲህ ይህን ሥራ የሚሻ ወጣት ከመውጣቱ አስቀድሞ ከኮምፒዩተር ባለሙያዎች አጠገብ ተቀምጦ ቢማር፥ ከሚያገኘው የምስክር ወረቀት ሁሉ ይህ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

በሌላው በኩል፥ የመንግሥት የሕግ ሰው ይዞት የሚሄደው ሀብት ቀላል አይደለም። ማስረጃ እንዴት እንደሚጠበቅ፥ አንድ ደብዳቤ በባለሥልጣን ፊት እንዴት እንደሚነበብ፥ መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ኩባንያውም ደመወዝ የሚከፍለው ይልቁንም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የነገሩ ጥቅም ከሚገኝበት ስፍራ አደጋውም ይገኛል። መርማሪ ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው፥ ለጥያቄው እውነተኛ መልስ ለማሰናዳት ይችላል፤ ጥያቄው ከነጭራሹ እንዳይነሣ አድርጎ ለመሸፈንም ይችላል። ዕውቀቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሰውዬው በሚያውልበት ላይ ነው።

ለዚህ ነገር በዘመናችን ከታዩት ምሳሌዎች ሁሉ ግልጥ የሆነው በአሜሪካ አገር የተፈረደው የጆ ሱሊቫን ነገር ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በዐቃቤ ሕግነት ሲያገለግል ቈይቶ፥ በሰሜን ካሊፎርኒያ የኮምፒዩተር ጠላፊዎችን ለመክሰስ በተቋቋመው ክፍል ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዱ ነበረ። ከዚያ ወደ ግል ሥራ ተሻግሮ በኢቤይ፥ በፔይፓልና በፌስቡክ ሠራ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኡበር የተባለው የመጓጓዣ ኩባንያ የደኅንነት ሹም ሆነ። በመንግሥቱም ዘንድ የተከበረ ስለ ነበረ፥ በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ ስለ አገሪቱ የሳይበር ደኅንነት ምክር እንዲያቀርብ ባቋቋሙት ኮሚሽን ውስጥ አባል ሆኖ ተቀምጧል። ከመንግሥት ወጥቶ በግል ሥራ የተሳካለት ሰው አሳዩን ቢባል፥ በዚያን ጊዜ ጣት የሚጠቈመው ወደርሱ ነበር።

ኡበር በ2014 አንድ የመረጃ ስርቆት ደርሶበት ስለ ነበረ፥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነገሩን ይመረምር ነበር። ሱሊቫንም በኅዳር ወር 2016 መጀመሪያ በኮሚሽኑ ፊት ምሎ ቃሉን ሰጠ። ዐሥር ቀን ያህል እንዳለፈ፥ ሁለተኛ ስርቆት መድረሱን ራሳቸው ጠላፊዎቹ በደብዳቤ አስታወቁት። የተወሰደው የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ነጂዎች መረጃ ነበረ። ያን ጊዜ ለኮሚሽኑ ከማስታወቅ ይልቅ፥ ለጠላፊዎቹ 100,000 ዶላር በቢትኮይን ተከፈላቸው። ገንዘቡም የኮምፒዩተርን ጕድለት በቅንነት ፈልገው ለሚጠቍሙ ሰዎች እንደሚሰጥ ሽልማት ተቈጠረ፤ ምሥጢሩን እንዳያወጡ በፈረሙበትም ወረቀት ላይ ምንም መረጃ እንዳልወሰዱ ተደርጎ ተጻፈ። ነገሩ የተገለጠው በ2017 አዲስ የበላይ አለቃ ከመጣ በኋላ ነው። ሱሊቫን ከሥራ ተሰናበተ፤ በጥቅምት 2022 የመንግሥትን ምርመራ በማሰናከልና ከባድ ወንጀል መፈጸሙን እያወቀ በመሰወር ጥፋተኛ ተባለ፤ በግንቦት 2023 የሦስት ዓመት የአመክሮ ጊዜና የ50,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ይግባኙም በመጋቢት 2025 ውድቅ ሆነ። የተናገርናቸው ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ይህን ሰው ለማዋረድ አላነሣነውም። በሙያው ያሉ ብዙ ሰዎች ጥፋቱን ብቻውን እንዲሸከም ተደርጓል ብለው አዝነውለታል፤ የዚያን ጊዜው የኩባንያው የበላይ አለቃ ስለ ክፍያው ያውቅ እንደ ነበረ በችሎት ሲነገር፥ እርሱ ግን አልተከሰሰም። ፍርዱም ወኅኒ ሳይሆን አመክሮ መሆኑ ዳኛው የቀድሞ አገልግሎቱን እንደ መዘኑለት ያሳያል። እኛ የምናስተውለው ሌላ ነገር ነው። ሱሊቫን ሕጉን ባለማወቅ አልወደቀም። መርማሪ ከተመርማሪ ምን እንደሚጠብቅ፥ በመንግሥት ወገን ተቀምጦ ስላየው፥ ከርሱ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ኩባንያ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ለተሰረቀ መረጃ መክፈልም በራሱ ያን ፍርድ አላመጣበትም፤ ያመጣበት ለመርማሪው መሥሪያ ቤት መደበቁ ነው። በሥሩ የነበረው የኩባንያው የሕግ ሰውም ያለመከሰስ መብት ተሰጥቶት በምስክርነት ቀርቧል። እንግዲህ ማስታወቅን የሚከለክል አለቃ ባለበት ቤት የሚያገለግል የሕግ ሰው፥ ለአለቃው ሲል ዝም ቢል፥ ዝምታው በመጨረሻው አለቃውን እንደማያድን፥ እርሱንም ከጥያቄ እንደማያወጣው ከዚህ ይረዳዋል።

ከዚህም በላይ የዝምታው ዕዳ ከፋይ በችሎቱ አዳራሽ ያልተገኘው ሰው ነው። ከወሎ ወይም ከጎጃም ገጠር በአንዲት ትንሽ ስልክ ገንዘብ የምትቀበል እናት፥ ስሟና ቍጥሯ በማን እጅ እንደ ገባ ካልተነገራት፥ ነገ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ የሚደውልላትን አታላይ በምን ትለየዋለች? ሰባ ሁለቱ ሰዓት የተቈረጠው ለርሷ ሲባል ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ለብዙ ዓመት ወደ ግሉ የሳይበር ሥራ እንዳይገባ በጭራሽ ይከልከል የሚሉ አሉ። በዚህ አሳብ አንስማማም። ሰውን በግድ የያዘ መሥሪያ ቤት ገላውን እንጂ ልቡን አይዝም። ደግሞም ባንኮቻችንና የስልክ ኩባንያዎቻችን ሕጉን የሚያውቅ አማካሪ ካላገኙ፥ ዐዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትሞ ይቀራል እንጂ በየቤቱ አይሠራበትም። የመንግሥት ባለሙያ ወደ ግል ሥራ ሲሻገር፥ ሕጉም አብሮት ይሻገራል፤ ይህ ለመንግሥትም ጥቅም ነው። አማካሪ በሌለበት ኩባንያ ውስጥ ማስታወቂያው የሚጻፈው ጥሰቱ ከደረሰ ከወር በኋላ፥ ያውም በጋዜጣ ወሬ ተገድዶ ነው።

ክልከላው ግን በነገር እንጂ በሰው ላይ መሆን አለበት። የአሜሪካ ሕግ በዚህ በኩል ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው በሥራው ዘመን ራሱ በዋናነት የተካፈለበትን የተለየ ጕዳይ ይዞ፥ ለሌላ ወገን ቆሞ ወደ መንግሥት እንዳይመለስ ለዘለዓለም ይከለክለዋል፤ በመጨረሻው የአገልግሎት ዓመቱ በሥልጣኑ ሥር የነበረውን ጕዳይ ግን ለሁለት ዓመት ብቻ፤ ከፍ ያለ ሹመት የነበራቸውን ደግሞ ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤታቸው ስለ ሌላ ሰው ጕዳይ እንዳይመላለሱ ለአንድ ዓመት ይከለክላቸዋል። የጠበቆቹም የሥነ ምግባር ደንብ በመንግሥት ሥራ ስለ አንድ ሰው ያገኙትን ምሥጢር በዚያ ሰው ላይ እንዳያውሉት ያዝዛል፤ አዲሱ የጥብቅና ድርጅት ያን ጕዳይ ለመያዝ ቢፈልግም ከመንግሥት የመጣው ጠበቃ ከጕዳዩ በግርዶሽ ተለይቶ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ይህ አከፋፈል ዕውቀትን፥ ጕዳይንና ምሥጢርን ለያይቶ የሚያይ ስለ ሆነ መልካም ነው። ዕውቀት የባለቤቱ ነው፤ ማንም አይነጥቀውም። ጕዳይ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ በዚያው ይቀራል። ምሥጢር ግን የሁለቱም አይደለም፤ የተነገረለት ሰው ነው። የንስሐ አባት ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ደብር ቢዛወር፥ ስብከቱንና ዜማውን ይዞ ይሄዳል፤ የልጆቹን ኑዛዜ ግን በአዲሱ ደብር እንደማያወጣው ካህናቱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

በሳይበር ነገር ላይ ግን ምሥጢር ከወትሮው የከበደ መልክ አለው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ወይም ሌላ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትን ያገለገለ የሕግ ሰው፥ የትኛው ባንክ በየትኛው በኩል ደካማ እንደ ሆነ የሚናገር ሪፖርት አንብቦ ሊሆን ይችላል። ይህን ይዞ ወደ ተወዳዳሪው ባንክ ቢሻገር፥ አንድ ገጽ ሳይሰርቅ በጭንቅላቱ ብቻ የጠላትን ያህል ሊጐዳ ይችላል። ስለ ጠበቆችና ስለ መንግሥት ሠራተኞች ሥነ ምግባር በየሕጉ የተነገረው እንዳለ ሆኖ፥ ለዚህ ሥራ የተለየ አጭርና ግልጥ ደንብ ቢጻፍ እንመክራለን። ደንቡ የሚለቀው ሰው የትኞቹን ድርጅቶች የሚመለከት ምርመራ በእጁ እንደ ነበረ ስማቸውን ዘርዝሮ ያስፈርመው፤ ለነዚያ ድርጅቶችም ሆነ በነርሱ ላይ፥ ለስንት ጊዜ እንደማይቆም ይወስን። ኩባንያውም ዝርዝሩን ሳያይ ሳይሆን አይቶ ይቅጠረው።

የሚቀጥሩትም ድርጅቶች አንድ ነገር በቅጥር ውላቸው ላይ ቢያስገቡ ይበጃል፤ ይኸውም የመረጃ ጥሰት በደረሰ ጊዜ ለባለሥልጣኑ የሚጻፈውን ማስታወቂያ የሕግ አማካሪው አሰናድቶ በቀጥታ ለበላይ አመራሩ እንዲያቀርብ፥ አመራሩ አልቀበልም ቢል እንቢታው በጽሑፍ እንዲሆን ነው። በቃል የተነገረ እንቢታ ኋላ ባለቤት ያጣል። እንቢታውን ጽፎ መፈረም የሚደፍር አለቃ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ብዙው አለቃ ብዕሩን ሲያነሣ ሐሳቡን ይለውጣል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የምንለው አለን። የሳይበር ሕግ የሚያውቁ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ጥቂት ናቸው፤ አንድ ሰው ሲለቅ ክፍሉ በሙሉ የሚዘጋበት ምክንያት የሄደው ሰው ክፋት ሳይሆን ተተኪ አለመሰናዳቱ ነው። በአንድ ጕዳይ ላይ ሁለት ሰው ይመደብ፤ አንዱ ዋና፥ አንዱ ረዳት ሆኖ ይልመድ። የሄደውም ሰው እንደ ጠላት መታየቱ ቀርቶ፥ ዕረፍት ባለው ጊዜ ተጋብዞ ለወጣት ዐቃብያነ ሕግ በግሉ ሥራ ያየውን ያስተምር። ኩባንያ ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ዐቃቤ ሕግ፥ ያላየውን መጠርጠር ትቶ የሚጠይቀውን ለይቶ ይጠይቃል። ከግል ሥራ ወደ መንግሥት ለመመለስ የሚፈልግም ቢገኝ፥ በሩ እንዳይዘጋበት፥ የቀድሞ የአገልግሎት ዘመኑም እንዲታሰብለት ቢደረግ ብዙ ሰው ይገኛል ብለን እናምናለን።

ከዚህ ሌላ እንደ ትንሽ ነገር የሚታይ፥ ነገር ግን ትንሽ ያልሆነ ሥራ አለ። ሠራተኛ ሲለቅ ወንበሩንና መጻሕፍቱን ቈጥሮ የማስረከብ ልማድ አለን፤ የዕቃው ዝርዝር ሳይፈርም ማንም አይሰናበትም። የኢሜይሉ ሳጥን፥ ወደ መዝገቡ የሚገባበት የይለፍ ቃል፥ በግል ስልኩ የተቀመጠው የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ግን ከዕቃው ዝርዝር ውስጥ እንዳይረሳ ያስፈልጋል። የሕግ ክፍሉ ኀላፊና የኮምፒዩተር ክፍሉ ኀላፊ የመልቀቂያውን ወረቀት ጐን ለጐን ይፈርሙበት፤ የይለፍ ቃሉም ሰውዬው የመጨረሻ ደመወዙን በሚቀበልበት በዚያው ቀን፥ ከማታው ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ይዘጋ።